የቆመ ሁሉ ተቆጠረ

መንግሥት ሊቆጥር ሲመጣ ገበሬ ያለውን ይደብቃል ይላሉ። ይበሉ። እኔ ወርቂቱ ግን ያለውን መደበቅ ቀርቶ የሌለውን አውጥቶ ያሳየ አገር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያሳየውም ለገዛ ጥፋቱ ነው። ነገሩ ከሆነ ስንት ዘመን አለፈ፣ ንጉሡም ወረዱ፣ የአውራጃውም ስም ተለዋወጠ። የእኔ ንዴት ግን ወይ ፍንክች።

ያኔ ዲላ ላይ ጨውና አቡጀዴ እነግድ ነበር። ሱቋን አባቴ ከወሊሶ መጥቶ የከፈታት ናት። ሱቅ ቁጭ ብሎ ገዢ መጠበቅ ስለማይሆንልኝ ለገበያ ቀን በቅሎዬን ጭኜ ቡሌ እወጣለሁ፤ ጨው ሰጥቼ ቅቤ ይዤ እወርዳለሁ። ቡሌ ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መንገዱ ክረምት ላይ በቅሎንም ያስለቅሳል። እዚያ የማርፈው ሙሉካ ቤት ነበር። ሙሉካ ባሏ የሞተባት የሰው መሬት የምታርስ ጭሰኛ ናት፤ ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ዘነቡ ብቻ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን «አንተ» ነበር የምትለኝ። መጀመሪያ ሰሞን እቆጣ ነበር። ኋላማ ለመድኩትና «አንቺ» የሚለኝ ሰው ባዳ ይመስለኝ ጀመር።

ቡሌ የሚኖረው በእንሰት ነው። እንሰት እንደ ጤፍ ዘንድሮ ተዘርቶ ዘንድሮ አይታጨድም። ተተክሎ ዓመት ከዓመት ይጠበቃል፣ ሲደርስ ይፋቃል፣ የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል፤ ቆጮ የሚሉት እሱን ነው። ታዲያ እዚያ አገር የሰው ክብሩ ጓሮው ነው። ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌ መጥቶ የሚያየው የልጅቷን ዓይን ሳይሆን የእናቷን ጓሮ ነው። ጓሮው የተራቆተበት ሰው እሱ ራሱ እንደተራቆተ ነው የሚያፍረው።

በዚህ መሀል በሽታ ገባ። የእንሰቱ ቅጠል ይገረጣል፣ ግንዱን ስትቆርጠው መግል የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ከዚያ እየበሰበሰ ይወድቃል። አንዱን የነካ ቢላዋ ሌላውን ሲነካ እሱም ይከተላል። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ የሙሉካ ጓሮ አለቀ፤ የጎረቤቷም እንደዚያው። ማንም ግን ለማንም አይናገርም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ፣ ጓሮ እንዴት ነው ይባባላሉ፣ ጌታ ይመስገን ደህና ነው ብለው ይለያያሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ሙሉካን ስንቴ ተቆጣኋት! እሷ እቴ፣ ትስቃለች።

ቆጣሪዎች ከአዲስ አበባ የመጡት ይኼኔ ነው። አንደኛው፣ ፈለቀ የሚባል የጎጃም ልጅ፣ እኔ ቤት ክፍል ተከራየ። ትሑት ነው፤ ጎርሶ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። ምን ልትቆጥሩ መጣችሁ ስለው እንሰት ነው አለኝ። ለምን ስለው አፉን ዘጋ። ኋላ እንደሰማሁት አለቆቹ አጥብቀው አስጠንቅቀውታል፤ ቆጠራው ለምን እንደሆነ ለገበሬ ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ካወቀ ያሳንስባችኋል፣ ገበሬ ሁልጊዜ ያሳንሳል ተብለዋል። ቢሮ ቁጭ ብሎ ገበሬን ማወቅ እንዲህ ነው!

የቡሌ ቆሮ ባልቻ ነበሩ፤ ቆሮ ማለት ያኔ በመንግሥትና በገበሬው መሀል የተሾመ ሰው ነው። መንግሥት የየሰዉን ጓሮ ሊያይ ይመጣልና ተዘጋጁ የሚል መልእክት ደረሳቸው። ለምን እንደሆነ የሚል ነገር የለበትም። እስቲ አስቡት፤ መንግሥትን የሚያህል እንግዳ ጓሮህን ሊያይ መጣ ሲሉህ ምን ታደርጋለህ? ባልቻ ሕዝቡን ሰብስበው አደራ አታሳፍሩኝ አሉ። ሌላ አላሉም፤ አላስፈለገምም።

እኔም ለገበያ ወጥቼ ጉዱን አየሁ። ሰው ገደብ የሚባለው ወረዳ ድረስ ዘመዱ ዘንድ ወርዶ ችግኝ በጀርባው እያዘለ ይመጣል። የወደቀውን እንሰት አቁሞ ከአጥር ጋር ያስራል። ሥሩ የበሰበሰውን ከታች ቆርጦ ጉድጓድ ይምስና መልሶ ይሰካዋል። ሙሉካና ዘነቡም ጭቃ በጭቃ ሆነው ጓሮ ውስጥ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ምን እየሠራችሁ ነው ብላት እንግዳ ይመጣል አለችኝ፣ እየሳቀች። የዘነቡ ነገርም ነበረበት። ከደህና ቤት ጠያቂ መጥቶላታል፣ ሽማግሌዎቹም ጓሮ ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል። ለመንግሥት የተዘጋጀ ጓሮ ለአማችም ይበቃል ብላ ነው። ብዙ ያሳየ ብዙ ግብር ይከፍላል፣ ኋላ ወርቂቱ አልነገረችኝም እንዳትይ ብያት ወረድኩ። እኔም ያሰብኩት ግብር ነው፤ ከመንግሥት ሌላ ነገር ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

እነ ፈለቀ ቡሌ ወጥተው ቆጠሩ። የታዘዙት መሬት ላይ የቆመውን እንሰት ሁሉ እንዲቆጥሩ ነው። ዳዴ የሚለውም አንድ፣ ለመፋቅ የደረሰውም አንድ፣ ሬሳውም አንድ። በጤፍ አገር ላደገ ልጅ አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ሰዉም እንደ እንግዳ ተቀበላቸው፣ ከሌለው ላይ የእንሰቱን ምርጥ፣ ቡላውን አቅርቦ አበላቸው።

ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ ወዲያ የፈለቀ አፍ ተፈታ። ምሳ አቅርቤለት፣ እትዬ ወርቂቱ እንግዲህ አሁን ብነግርዎት ችግር የለውም ብሎ ጀመረ። እንሰቱን በሽታ የጨረሰበት ወረዳ ተለይቶ ስንዴ ይላክለታል፣ ንጹሕ ችግኝም ይታደለዋል፤ ቆጠራው ለዚያ ነው።

«ቡሌ ግን ተመስገን ነው» አለኝ። «ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።»

ወጥ ልጨምርለት የያዝኩትን ጭልፋ መልሼ ድስቱ ውስጥ ጣልኩት። ያን ቀን ያወረድኩበትን ስድብ መድገም ለእኔም ነውር ነው። ከጨረስኩ በኋላ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ገመዱንም፣ ችግኙንም፣ የተሰካውንም። አላመነኝም፤ ሰው ለራሱ ጉዳት እንዴት ይዋሻል ይለኛል። በማግስቱ በቅሎዬ ላይ አፈናጥጬ ቡሌ ይዤው ወጣሁ።

ሙሉካ ጓሮ ገባን። ፈለቀ አንዱን ትልቅ እንሰት በመዳፉ ገፋ አደረገው። እንሰቱ ዘጭ ብሎ ወደቀ፤ ሥር የለውም፣ ከታች ጥቁር ብስባሽ ነው። ሁለተኛውን ገፋ፣ እሱም ወደቀ። ሦስተኛውን ሊገፋ እጁን ዘርግቶ ተወውና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። እነዚህን ቆጥሬያቸዋለሁ አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ስለ ስንዴው ለሙሉካ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ የጉድጓዱን ክዳን አንሥታ የቀረችውን ቆጮ አየች፣ ዘነቡን አየች። ያቺ ጉድጓድ ውስጥ ያለችው ቆጮ ካለቀች እናትና ልጅ የሚበሉት ሌላ የለም።

ፈለቀ መላ አለ አለን። ቆሮውና ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያው ቆጠራ ትክክል አይደለም ብለው ከፈረሙለት እሱ ራሱ አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ሄዶ ቁጥሩን ያስለውጣል። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ባልቻ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣

«አገሬ መንግሥትን ዋሽቷል ብዬ ማኅተሜን ላሳርፍ?» አሉ። «ነገ በየትኛው ፊቴ ሰው መሀል እቀመጣለሁ?»

ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት ያዩ ጀመር። የእያንዳንዱን ጓሮ አውቃለሁ፤ የገመዱን ቋጠሮ ሳይቀር አይቻለሁ። ስም ጠርቼ ልናገር ብድግ ስል ሙሉካ ቀደመችኝ። በሰው ሁሉ ፊት ወጥታ የእኔ ጓሮ ባዶ ነው፣ ቆሞ ያያችሁት የሞተ ነው፣ ልጄ የምትበላው የላትም አለች። በጌዴኦኛ ነው ያለችው፤ አብዛኛውን ሰማሁት፣ የቀረውን ከሰዉ ፊት ላይ አነበብኩት። ከዚያ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። እሷን የተከተለ አንድም ሰው የለም። የዘነቡ ጠያቂዎች ሽማግሌም እዚያው ተቀምጠው ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ጋብቻው ቀረ የሚል ቃል ተላከ። ዘነቡ እኔ ፊት አላለቀሰችም። ደህና ጓሮ ያላት ሌላ ልጅ አገኙ መሰለኝ፤ ማለቴ ደህና ገመድ ያላት።

ፈለቀ ያቺን አንዲት ጣት ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነው የመጣው። አለቃው ምን እንዳለው ሲነግረኝ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አቋረጠው። አንደኛ፣ የቡሌ ቁጥር ከአውራጃው ተደምሯል፣ አውራጃው ከጠቅላይ ግዛቱ ተደምሯል፣ የቆጠራው መጽሐፍም ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ አንዱን ብትነካ ድምሩ ሁሉ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ የአንዲት ሴት ጓሮ ወረዳ አይሆንም። እነዚህንስ እሺ፣ ቢሮ ነውና እንዲህ ይላል። ያቃጠለኝ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ የተቆጠሩት ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው፣ ስለዚህ እውነቱ እሱ ነው፤ አሁን ግን ስንዴ እንዳለ ሰምተዋል፣ ስለዚህ የለንም ቢሉ የሚዋሹት አሁን ነው አለው።

«ልመልስለት አልቻልኩም፣ እትዬ» አለኝ ፈለቀ። «እኔም ያስተማሩኝ እንደዚያ ብለው ነው።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው። ሄዳችሁ እዩት፣ አንዱን ገፋ አድርጉት ብዬ አለቃው ፊት ብጮህ ደስ ባለኝ። ግን እኔን የጨው ነጋዴዋን ማን ያስገባኛል? ፈለቀም ብዙ አልቆየም፤ ሥራ አበላሽተሃል ብለው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት አዛወሩት። ሲሄድ ተሰናብቶኝ ከበሩ ላይ ተመልሶ ሙሉካን ይቅር በይኝ በያት አለኝ። ነገርኳት። እሱ ምን አደረገ፣ ያሳየነውን ነው የጻፈው አለች።

ስንዴው መጣ። ካሚዮኖቹ በሱቄ በር አልፈው ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ሄዱ። ቡሌ የሚወጣ አንድም አልነበረም። ከገደብ በውሰት የመጣው ችግኝም በታመመ አፈር ላይ ተተክሎ ታመመ፤ ዘመድ ለዘመድ የሚመልሰው አጥቶ ተኳረፈ። እኔ የቻልኩትን በቅሎዬ ላይ እየጫንኩ አወጣ ነበር፤ አንዲት በቅሎ ግን አገር አትመግብም፤ እኔም ሀብታም አይደለሁም። ሙሉካን ዲላ ውረዱ፣ ዘነቡ ሱቅ ትረዳኛለች፣ አንቺም አታጪም አልኳት። እምቢ አለች፤ መሬቱን ለቅቃ ከወረደች ባለመሬቱ ሌላ ጭሰኛ ያስገባበታል፣ መመለሻ የላትም። እንሰት ዳግመኛ እስኪደርስ ጉድጓዷን በቁንጥር እየቆነጠረች ልትጠብቅ አስባለች። ጠዋት አይበሉም፤ ማታ ማታ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ። ዘነቡ የልጅነት ጉንጯ ጠፍቶ የእናቷን እኩያ መሰለች።

መጽሐፉ ታትሞ ወጣ። አውራጃ ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጂ መጥቶ ነበርና ማንበብ የሚችል ሰው ይዤ ሄጄ አስነበብኩት። ቡሌ በእንሰት ብዛት ከአውራጃው አንደኛ ይላል። ወረቀቱ ያማረ፣ መስመሩ የተስተካከለ። ያየ ሁሉ አቤት ሥራ ይላል።

ከዚያ በሰሜን ረሃብ ገባ ተባለ፤ ሕዝብ እያለቀ ነው፣ ሁሉም እንዳቅሙ ያዋጣ የሚል ትእዛዝ ወረደ። የየወረዳው አቅም ከየት ይታወቃል? ከመጽሐፉ ነዋ። ቡሌ አንደኛ ስለሆነ አንደኛ ተጣለበት፤ በየቤቱ ቆጮ። ባልቻ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እኔ ሳያቸው ሽማግሌዎቹን አስከትለው ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ነበር፣ ከሲታ ሆነዋል፣ ጋቢው ብቻ ነው የቀረው። የራሳቸውን ጉድጓድ አስቀድመው አስወጥተዋል። የለንም ብለው ከዚህ በፊት ማኅተም አላሳረፉ፤ አሁን ከየት አምጥተው የለንም ይላሉ? ሰዉም ይሰጣል። ለተራበ ስጡ ሲባል እንዴት የለኝም ይባላል፣ ጎረቤት እየሰማ?

ሙሉካ በር ደረሱ። ባልቻ ቀና ብለው አላዩአትም። ሙሉካ ገባች፣ ክዳኑን አነሣች፣ ከጉድጓዱ የቀረችውን ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ አወጣች። ሮጬ ከእጇ ያዝኩት። አብደሻል፣ ይቺ ልጅ ምን ልትበላ ነው፣ ባዶ መሆንሽን እኮ አንቺ ብቻ ነሽ በጣትሽ የመሰከርሽ፣ ያንን አሳዪያቸው አልኳት። ጮኽኩ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እሷ ግን ጣቶቼን ቀስ አድርጋ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

«ተው፣ ወርቂቱ» አለችኝ። «የለኝም ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ፣ ማን አመነኝ? ልጄ ባል አጣ። መንግሥት አለህ ብሎኛል። እንግዲህ አለኝ።»

ሰጠቻቸው። ባልቻ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት።

የቡሌ ቆጮ በሸክምና በአጋሰስ ዲላ ወርዶ ከሱቄ ብዙም ከማይርቅ መጋዘን ግቢ ተከመረ። ካሚዮን ይመጣል ተባለ። ከዚያ አንድ ባለሥልጣን አየውና የሰሜን ሰው ይህን መጋገር አያውቅም፣ ይላክ ወይስ ይቅር የሚለው ከበላይ ይጠየቅ አለ። ተጠየቀ። መልሱ ሲጠበቅ ክረምት ገባ፣ ዝናቡ ግቢው ውስጥ ያለውን አገኘው፤ አፈራረሰው። ሰፈሩን ሽታ ሞላው። መጋዘን ጠባቂው ላይ ሄጄ ጮኽኩበት። እሱ ምስኪን ምን ያድርግ፣ እትዬ እኔ ጋ ገቢ ሆኗል፣ ከቡሌ ደርሷል ተብሎ ተመዝግቧል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም አለኝ። ለዚያ ዓመት መጽሐፍ ቡሌ ይህን ያህል ረዳ ተብሎ እንደሚታተም ገባኝ። ታትሞም ይሆናል፤ ላየው አልሄድኩም።

ሙሉካ ክረምቱን አልወጣችም። መንገዱ ተዘግቶብኝ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፤ ሰማሁ እንጂ። ጎመን ቀቅላ ለዘነቡ ትሰጣለች፣ እኔ በልቻለሁ ትላለች፤ እንደዚያ እያለች አንድ ጠዋት አልተነሣችም። ባለመሬቱም በዚያው ሰሞን ሌላ ጭሰኛ አስገባ።

ዘነቡ እናቷን ቀብራ ነሐሴ ላይ ወደ እኔ ወረደች። በሩን ከፍቼ ሳያት አላወቅኳትም፤ አሮጊት ለማኝ መጣች ብዬ ነበር። አቅፌ አስገባኋት፣ እሳት ዳር አስቀመጥኳት፣ አጥሚት ሰጠኋት። ጠጣች። ሱቁን፣ መደርደሪያውን፣ መስኮቱን አየች። ያን ቀን ነፋሱ ከመጋዘኑ በኩል ነበር፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እኔ ለምጄው ነበርና እሷ ስትገባ ነው ትዝ ያለኝ። ቆጮ ፍቃ፣ ቆጮ ቀብራ፣ ቆጮ በልታ ያደገች ልጅ ናት። እሳቱን ቆሰቆስኩ።

ዘነቡ ኩባያውን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ የእማዬ ቆጮ ደረሰ?» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ በሐሰት ስናደድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ሁሉ የጮኽኩት፣ ፈለቀን የሰደብኩት፣ ባልቻን የተቀየምኩት በዚህ ምክንያት ነው። የልጅቷን ፊት አየሁ።

«ደረሰ» አልኳት። «በሉት። እናትሽን መረቋት አሉ።»

ዘነቡ ተመስገን አለች። ተነሥታም በመጋዘኑ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋችው።